ከፋሲካ በኋላ

«ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን» ያልሁት እኔ ነኝ። የካቲት 2011 ነበር፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ። ጓደኛዬ የመንገድ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ጥፍሩ ሥር የሞተር ዘይት በማይጠፋው አመልካች ጣቱ መንገዱን ይከተላል። ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ወልድያ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ። ከዚያ ጣቱ ሰማያዊው ቀለም ከሚጀምርበት ጠርዝ ደርሶ ቆመ። አሰብ። የተወለደባትና ሃያ አንድ ዓመት ያላያት ከተማ።

ወደ ኤርትራ የሚያስገባው የቡሬ መሻገሪያ የተከፈተው መስከረም 1 ቀን 2011፣ በዕለተ ዕንቁጣጣሽ ነው። ጓደኛዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርታውን በደረት ኪሱ ይዞ ነበር የሚዞረው። ጋራዥ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ያሳያል፤ ያጥፈዋል፤ ደግሞ ይዘረጋዋል። አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። ብቻውን መሄድ እንደማይፈልግ ሳይነግረኝም አውቄው ነበር። እኔ ግን መምህር ነኝ፤ ምክንያት አላጣም። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርት ገና መጀመሩ ነበር። ጾም እየገባ ነው፤ በዚያ በረሃ ምን ልንበላ ነው? ደግሞስ ሃያ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ሁለት ወር መጠበቅ ያቅተዋል? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልሁት። ካርታውን በድሮው እጥፋቱ መልሶ አጠፈና «እሺ» አለ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 20 ዋለ። ጾሙ ሳይፈታ የቡሬው መሻገሪያ ተዘጋ። ለእኛ የሚቀርበው የሁመራና የኦምሐጀሩም እንዲሁ። እንቁላሉ እግር ሳያወጣ ቀረ።

ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «አንተ ባትኖር» አላለኝም። ካርታው ብቻ ከደረት ኪሱ ጠፋ። እኔ ደግሞ ኪሱን ማየት ልማድ ሆነብኝ፤ ሰላም ስለው ዓይኔ ከፊቱ ቀድሞ ኪሱ ላይ ያርፋል። በታኅሣሥ 2012 የእህቴን ባል አሮጌ ዲኤክስ ለሦስት ቀን ለምኜ ወሰድሁና ጋራዡ በር ላይ አቆምኋት። «ባሕር እናያለን» አልሁት። በጎርጎራ ጀምረን፣ ከዚያ በምሥራቁ በኩል ዞረን ባሕር ዳር። ካሣ መሆኑን አልነገርሁትም።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። መኪናዋን ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር አያት።

«ሐይቅ ነው» አለ። ቆይቶ ደግሞ «እሺ»።

አሰብ

ስሙን አልጽፍም፤ አይወድም። በትምህርት ቤትም ቢሆን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «አሰብ» ነበር የምንለው። ቤተሰቡ ከዚያ የወጣው በ1990 ክረምት፣ ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። አባቱ ወደቡ ላይ ጎልማሳነታቸውን የጨረሱ ሰው ነበሩ። መስከረም 1991 ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ፣ ኋላ ወንበር ላይ አንድ ረዥም፣ ጠይም፣ አነጋገሩ የእኛን የማይመስል ልጅ ተቀምጦ አገኘነው። በሁለተኛው ሳምንት የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳው ፊት አቁመው «አስብ እንጂ!» ቢሉት ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ። ስሙ በዚያው ጸና።

በዚያው ዓመት ጥምቀት ላይ ነው የተወዳጀነው። ባሕሩ ከተባረከ በኋላ የጎንደር ጎረምሳ እንዴት እንደሚገባ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አፍንጫውን ይዞ በእግሩ ይዘላል፣ ውሃውን ደብድቦ ደብድቦ ከጠርዙ ይደርሳል፣ ጀግና ሆኖ ይወጣል። እኔም እንደዚያው ጀግና ሆኜ ወጥቼ እየተንቀጠቀጥሁ ነበር። ያ የአሰብ ልጅ ከግንቡ ጫፍ ላይ በራሱ ተወረወረ። ጠፋ። ቆየ። ሴቶቹ «ኧረ ልጁ ሰጠመ!» ብለው መጮህ ሲጀምሩ በወዲያኛው በኩል፣ የዛፎቹ ሥር ግንቡን አቅፎ ከወረደበት ቦታ ብቅ አለ። ዋና እንዲህ ነው ለካ። ሮጬ ስደርስ በአንድ እግሩ እየዘለለ ውሃ ከጆሮው ያራግፋል።

«ይሄንን ነው ባሕር የምትሉት?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ጥምቀተ ባሕር እንላለን። እኛ ደገኞች ይህን ቃል ያለ ስስት ነው የምንበትነው። ከሩቅ የመጣ ዛፍ ስናይ ባሕር ዛፍ፣ ከሩቅ የመጣ እህል ስናይ የባሕር ማሽላ። ፋሲል ያስገነቡትን መዋኛ እንኳ ባሕር ብለነዋል። ያን ቀን ግን ነደደኝ። «ትልቅም አለን፤ ጣና አለን» አልሁት። «ጣና ሐይቅ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል» አለ። እንደ ጂኦግራፊ መምህር። «ለእኛ ባሕር ነው። የባሕር ሰው ከሆንህ ተመለስና ባሕርህን እይ» አልሁት።

«ተመለስ» ማለቴ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከመጣ ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር።

ክርክሩ ሃያ ዓመት ዘለቀ፤ ቀልድም ሆነ። የማይቀለድበት ነገር ግን አንድ ነበር። ይህ ሰው ጎንደር ሃያ አንድ ዓመት ሲኖር ጣና ዳር ወርዶ አያውቅም። ለመለዋወጫ ዕቃ ባሕር ዳር ይመላለሳል፤ ዕቃውን ገዝቶ ይመለሳል። ከፋሲል ግንብ ሰገነት ላይ አየሩ ሲጠራ ጣና ይታያል ይባላል፤ ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ አብሮኝ መጥቶ ከታች ጥላው ውስጥ ይጠብቀናል። እኔም ለራሴ ትርጉም ሰጥቼው ነበር። ቀይ ባሕርን ያየ ዓይን በኩሬ አይረካም፣ ናፍቆቱን በሌላ ውሃ ማርከስ አይፈልግም፣ ብዬ። ለሰውም እንደዚያ እያልሁ አወራለሁ። ታሪኩ ያምር ነበር።

የሚጠጣ ባሕር

ቅዳሜ ጠዋት ከአዘዞ ወደ ደምቢያ ታጠፍን። መንገዱ ያን ጊዜ ጠጠር ነበር፤ ዲኤክሷም ዕድሜዋ ለጠጠር አይደለም። አቧራው በማይዘጋው የኋላ መስኮት ገብቶ በፊተኛው ይወጣል። ግራና ቀኙ ግን የታኅሣሥ ደምቢያ ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ጥቁሩ መረሬ እየደረቀ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ ልጆች የሽምብራ እሸት በእቅፍ በእቅፍ ይዘው መኪና ሲያዩ ወደ መንገዱ ይሮጣሉ። ሁለት እቅፍ ገዛን። እየነዳሁ ስለሆነ እሱ እየፈለፈለ ያጎርሰኛል፤ ጣቱ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ቆላ ድባ ልንገባ ስንል የኋላ ጎማ ፈነዳ። ክሪኩም ስኮርታውም ነበሩ፤ ስኮርታው ግን ራሱ አየር አልነበረውም። (የእህቴ ባል ይህን ካነበበ፣ አዎ፣ ስላንተ ነው።) የፈነዳውን ጎማ እያንከባለልን ከአንድ ጎሚስታ ደረስን። ልጁ የውስጡን ጎማ አውጥቶ ነፋና በተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ እየነከረ አዞረው። አረፋው ቡልቅ ካለበት ላይ አውራ ጣቱን አሳርፎ በሞረድ ፈግፍጎ ማስቲሽ ቀባ። ጓደኛዬ መካኒክ ነውና እጁ ቢያሳክከውም ታገሠ።

ጥላው ውስጥ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሲያዩት ቆዩና «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም። አባቱ የተወለዱት እዚያው ደምቢያ ነው፤ ጓደኛዬ ግን አገሩን አያውቀውም። የአባቱንና የአያቱን ስም ነገራቸው። አዛውንቱ ወደ መሬት አይተው ቆጠሩ፤ በከንፈራቸው ቆጠሩ።

«ያ ባሕር የሄደው?»

«አዎ አባቴ።»

«ታዲያ ተመለሰ?»

«ተመልሰው ነበር። ዐርፈዋል።»

ነፍስ ይማር አሉ። ጎማው ተነፋ፤ ሄድን። ጯሂት እስክንደርስ አልተናገረም፤ የሽምብራው ገለባ ጭኑ ላይ ተከምሮ።

ጎርጎራን ያላያት ሰው ትልቅ ከተማ አይጠብቅ። ቁልቁል ስትወርድ በሾላና በዋርካ መካከል ውሃው ብልጭ ይላል፤ ከዚያ ወደቡ፣ ጥቂት ቤቶች፣ ዝምታ። ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ያን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ ትመጣ የነበረችው መርከብ የምትቆመው እዚህ ነበር። ሱስንዮስ ከተማቸውን በዚህ ዳር አድርገው ነበር። በምጽዋ በኩል የገባው የስፔኑ ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝም በእኤአ 1622 የሞተው እዚሁ ጎርጎራ ነው። ከዓሥር ዓመት በኋላ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፤ ልጅየው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረው ጎንደርን በእኤአ 1636 ቆረቆሩ። ተማሪዎቼን በየዓመቱ የማስተምረው ይህንኑ ስለሆነ ደብረ ሲና ማርያም ግቢ ውስጥ ቆሜ ማብራራት ጀመርሁ፤ የሣር ክዳኑን፣ የግድግዳውን ሥዕል፣ ሁሉንም። ጓደኛዬ አስጨረሰኝና «ይሄ ፓኤዝ ወደ ባሕሩ ሳይመለስ ሞተ ማለት ነው?» አለኝ። እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር። አዎ አልሁት።

ማታ ዓሣ አዘዘ። ጾመ ነቢያት ላይ ነን፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በእናቴ ቤት የተዘጋው ከመወለዴ በፊት ስለሆነ እኔ ሽሮዬን ያዝሁ። የመጣው ሙሉ ቆሮሶ ነው፤ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ የተጠበሰ፣ ጭራው እንደ ብስኩት የሚሰበር። እሱ አበላሉ ልዩ ነው፤ ከራሱ ጀምሮ አጥንቱን አንድ በአንድ እየለቀመ ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ይደረድራል። ሲጨርስ ሰሃኑ ላይ የዓሣ ሥዕል ቀረ። «እናቴ አሰብ ላይ እንዲህ ካልበላን ትቆጣ ነበር» አለ። ያን ቀን ስለ አሰብ የተናገረው ይህችን ብቻ ነው።

ሌሊቱ ሊነጋ ሲል አልጋው ባዶ ነበር። ወጣሁ። ውሃው ዳር፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቆሟል። ጣና ጠዋት ሰማያዊ አይደለም፤ ወተት እንደነካው ሻይ ነው። አጠገቡ አንድ ሰው የደንገል ታንኳውን ከውሃ እየጎተተ ያወጣል። ደንገሉ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፤ ፀሐይ ላይ ቁሞ ካልደረቀ በቀጣዩ ቀን አይንሳፈፍም። ታንኳውን ዛፍ ላይ አስደግፎ ሲያቆመው ውሃው ከደንገሉ መካከል እንደ ወንፊት ይወርድ ነበር። ጥቂት ራቅ ብሎ ወይን ጠጅ አበባ ያበበ አረንጓዴ ነገር ተኝቷል። ጓደኛዬ «ማሳው እስከ ውሃው ድረስ ነው እንዴ?» አለው። ሰውየው ሣቀ፤ ደስ የማይል ሣቅ ነው። «ማሳ አይደለም፤ እምቦጭ ነው።» መረብ ይይዛል፣ ታንኳ አያሳልፍም፣ በመገጭ መግቢያ በኩል ደግሞ ውሃው አይታይም አለን። ስንት ጊዜ በእጃቸው ነቅለው ወደ ዳር አወጡት፤ ክረምት ሲመጣ እንደገና ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ይህንን አረም አላየም፤ ያን ጊዜ ከታየ ገና ዓሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። ግን እንዴት ገጠመለት።

ሰውየው ሲሄድ ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ውሃ ዘገነ። ብልሃርዚያ አለ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። አፉ ውስጥ አገላብጦ አገላብጦ ዋጠው።

«ይጠጣል» አለ።

ሐይቅ አይደል እንዴ፤ ምን ሊሆን ኖሯል? ለመቀለድ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳይ ተውሁት።

ከዚያ የነገረኝ ይህንን ነው። አሰብ ላይ ልጆች ሆነው ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይውላሉ፤ በዚያ ሙቀት ይጠማቸዋል፤ የሚጠጣ ነገር ግን ቤት ነው ያለው። ያንን የሚያህል ውሃ መካከል ቆሞ መጠማት ለልጅ አይገባውም። አባቱን ጠየቃቸው። አባቱም «ይሄማ ምን ባሕር ነው፤ እኔ ያደግሁበት ባሕር ይጠጣል» አሉት። ልጅየው ይህንን ይዞ ሠፈር ወጣ፤ የአባቴ አገር ባሕር ይጠጣል አለ። ሣቁበት። ውሸታም ተባለ። አባቱም ውሸታም ተባሉ፤ ለዚህ ተደባድቦ አንድ ጥርሱ ተሸርፏል (ጥርሱን ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ፤ ጠይቄው አላውቅም)። ጎንደር ሲመጣ ደግሞ በመጀመሪያው ወር የጂኦግራፊ መጽሐፉ ጣና ሐይቅ መሆኑን ነገረው። ባሕር አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ። እና የአሰብ ልጆች ትክክል ነበሩ፤ አባቱ ዋሽተዋል። በ14 ዓመቱ የደረሰበት ፍርድ ይህ ነበር። ለአባቱ አልነገራቸውም። ጣና እንውረድ ባሉት ቁጥር ግን ፈተና አለብኝ አላቸው፣ ሥራ አለብኝ አላቸው። ሞቱ።

«ቀይ ባሕር ናፍቆህ አልነበረም?» አልሁት፤ ያን የሚያምር ታሪኬን ለማዳን።

«ይናፍቀኛል። ይሄ ሌላ ነው።»

የሃይላንድ ላስቲክ ጠርሙሱን አጥቦ ሞላና ክዳኑን አጠበቀ። ለእናቱ ነው አለ።

ወረታ

ወደ አዘዞ ተመልሰን አስፋልቱን ያዝን። ማክሰኝት፣ እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመን፤ ከዚያ ፎገራ ሜዳ ተዘረጋ፣ የሩዝ ክምር በመንገዱ ዳር ዳር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያን መንገድ እንደዚያ ዘና ብሎ መንዳት ራሱ የሚያስቀና ነገር ነው፤ ያን ጊዜ አላወቅነውም። ምሳ ወረታ ላይ በላን። የተቀመጥንበት ቤት ፊቱ ወደ መገንጠያው ነው። ቀጥ ያለው ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ ወልድያ ይወርዳል። ከወልድያ ሚሌ። ከሚሌ ሰርዶ። ይህን መንገድ የካርታው ጣት አስተምሮኛል። ቦታውን ስመርጥ ግን አላስተዋልሁም፤ በሩ ላይ ጥላ ስላየሁ ነው የገባሁት።

እሱ አስተውሏል። ሻዩን እያማሰለ በአገጩ ወደ መገንጠያው አመለከተ። «በዚህ ነበር።»

ስምንት ወር የተሸከምሁት ነገር ያኔ ወጣ። ምን እንዳልሁ በቅደም ተከተል አላስታውስም። ከፋሲካ በኋላ ያልሁት እኔ ነኝ፣ ትምህርቱን ምክንያት ያደረግሁት ሰንፌ ነው፣ ሙቀቱን ፈርቼ ነው፣ ከፈለግሁ ፈቃድ መጠየቅ እችል ነበር፣ መንገዱ ይዘጋል ብዬ አላሰብሁም፤ ይቅር በለኝ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አስተናጋጇ ዞራ አየችን። እሱ ማንኪያውን ከብርጭቆው አወጣ፤ አራገፈው፤ በማስቀመጫው ላይ አስተኛው።

«ከፋሲካ በኋላ ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለ።

ዝም አልሁ።

«ካርታውን ለሰው ሁሉ አሳይቼ መቅረት አልቻልሁም። ማታ ማታ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። ቤታችን ውስጥ ሌላ ሰው አለ። በሩን አንኳኩቼ ምን እላለሁ? ወደቡ ዝም ብሎ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ዝም ብሎ፣ የማውቀው ልጅ ባገኝ ሳያውቀኝ ቢቀር? አንተ ባታዘገየው ራሴ ምክንያት እፈልግ ነበር። ቀደምኸኝ፤ ተገላገልሁ።» ከዚያ ሻዩን ጠጣ። «ሒሳቡን እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ነው እስከ ዛሬ የምቆመው። ያን ዕለት ከወረታ ስንነሳ ትከሻዬ ላይ የነበረ ጆንያ የወረደ መሰለኝ፤ መኪናዋ እንኳ የቀለለች መሰለኝ። ሐሙሲት ሳንደርስ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያ የፋሲካ ዕለት ቤቱ ለእንኳን አደረሳችሁ ሄጄ ነበር። እሱ በግ ሲያርድ፣ ባለቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሻንጣው እስከ ትናንት አልጋው ሥር እንደታሰረ ነበር፤ ዛሬ ሌሊት ነው የፈታው» ብላኛለች። ሁለት ሸሚዝ፣ የዋና ቁምጣ፣ ለጎረቤታቸው ልጅ ብሎ የገዛው የጎንደር ኩታ። እንቅልፍ አጥቶ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ሻንጣ ያስራል? ያስር ይሆናል። ሰው የሚፈራውንም ያስራል። ግን ደግሞ፣ ጓደኛው ሰው በሞላበት ሻይ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቅርታ ሲለምነው፣ አንዲት ውሸት ጥሎለት የሚያሳርፍ ሰውም አለ። ይህ ሰው ደግሞ በሃያ አንድ ዓመቱ ጎንደሬ ሆኗል፤ ሰሙን አሳይቶ ወርቁን መቅበር ከእኛ ተምሯል።

ልጠይቀው ነበር። «ሻንጣው ግን?» ልለው አሰብሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ የፈራሁት ግን ዘንዶውን አልነበረም። ብጠይቀው ሁለተኛ ውሸት ልጨምርበት ነው፤ ለእኔ ሲል ሁለተኛ ጊዜ ሊሸከም። ወይም እውነቱን ከነገረኝ፣ እውነትም ተገላግሎ ከነበረ፣ ስምንት ወር ሙሉ ኪሱን እያየሁ ያዘንሁት ለራሴ ነበር ማለት ነው፤ ልክ ጣናን የሚሸሸው በናፍቆት ነው ብዬ እንዳወራሁት። የቱ እንደሚብስ አላወቅሁም። ማርሹን ቀየርሁ። እሱ ጠርሙሱን ጉልበቶቹ መካከል ይዞ አንቀላፍቷል፤ ወይም ያንቀላፋ መስሏል።

ባሕር ዳር ምንም አልተፈጠረም። ዘንባባዎቹ፣ የእሑድ ማታ ሰው፣ ከዘጌ ማገዶ ጭነው የሚገቡ ታንኳዎች። ጫማውን አውልቆ እግሩን ውሃ ውስጥ አድርጎ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። በመጨረሻ «እሺ፤ ባሕር ነው» አለኝ። የሃያ ዓመቱን ክርክር አሸነፍሁ። እንዳሰብሁት ደስ አላለኝም።

ሃይላንዱ

ሰኞ ማታ በቀጥታ እናቱ ቤት ሄድን። እማማ ወሎዬ ናቸው፤ አሰብ የወሰዷቸው አባቱ ናቸው፣ ጎንደር ያመጧቸውም እሳቸው። ጣናን እሳቸውም አላዩትም። ጠርሙሱን አቀበላቸው። ወደ መብራቱ አነሱና አዩት፤ ከሥሩ ትንሽ ጭቃ ዘቅጧል።

«ምንድን ነው?»

«የአባቴ ባሕር።»

«ያ ሲያወራለት የኖረው?» ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። «ሳይፈላ ማንም አይጠጣትም።»

ውሃውን በነጠላ ጫፍ አጥልለው ጀበናው ውስጥ ጨመሩ። ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ እስኪንተከተክ እኛ ስለ ጎማው እናወራለን። አቦሉ ተቀዳ። እማማ ስኒያቸውን አንሥተው አንዴ ፉት አሉ። መልሰው ረከቦቱ ላይ አስቀመጡት፤ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው የጨው ዕቃቸውን ሳቡ፤ እንደ አገራቸው ልማድ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርገው ጣሉበትና ማማሰል ጀመሩ። ጓደኛዬ ማንኪያዋን ያያል። እኔ እሱን አያለሁ።